ሐዋሳ ላይ በፕላይውድና በኤፖክሲ ትንሽ ጀልባ ለመሥራት፦ የቱን ፕላይውድ፣ የቱን ሙጫ?

የታቦር_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ግቢዬ ውስጥ ሁለት ሰውና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የምትችል ጀልባ ልሠራ ተነሥቻለሁ። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ30 አካባቢ፣ ወለሏ ጠፍጣፋ፣ በመቅዘፊያ የምትሄድ። ዘዴው ፕላይውዱን በልኩ ቆርጦ ጠርዝ ለጠርዝ በመዳብ ሽቦ መስፋት፣ ከዚያ መገጣጠሚያውን ከውስጥም ከውጭም በኤፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ በሚጠነክር ሙጫ) እና በፋይበር ጨርቅ ማጣበቅ ነው። ልኩን ይዣለሁ፤ በካርቶን አሳንሼ ሠርቼው ቅርጹ ወጥቶልኛል።

የቸገረኝ ዕቃው ነው። ማሪን ፕላይውድ፣ ማለትም ውሃ የሚችለውን፣ ብዬ ስጠይቅ አንዱ ሱቅ ለፎርምወርክ (ለኮንክሪት ማፍሰሻ ቅርጽ) የሚሆነውን ጥቁሩን 18 ሚሊ አወጣልኝ፣ ሌላው ለቁም ሣጥን ጀርባ የሚሆነውን ቀዩን 6 ሚሊ፤ ሁለቱም «ማሪን ነው» ብለው ይምላሉ። ኤፖክሲም እንዲሁ ነው፤ አንደኛው የወለል ቀለም፣ ሌላው ጌጠኛ ጠረጴዛ ላይ የሚፈሰው። ሐይቁ ላይ ለዓመታት የምትቆይ ነገር እንድትሆን ነው የምፈልገው። የቱን ልያዝ? ገንዘቤስ የት ላይ ቢበዛ ይሻላል?

ቆሮሶ_ጥብስ

መጀመሪያ ጉማሬዎቹን አስፈቅድ 😀

ጋሽ_መላጊያ

የኔ ልጅ፣ አናጢ ነኝ። ጀልባ ሠርቼ አላውቅም፤ ፕላይውድ ግን ዕድሜዬን በሙሉ ስቆርጥ ኖሬያለሁ። ስለዚህ የእንጨቱን ብቻ ልንገርህ፤ የሙጫውን የሚያውቁት ይመልሱልህ።

ጥቁሩን 18 ሚሊ ተወው። አንዱ ሉህ፣ 1.22 በ2.44 የሆነው፣ 35 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ሦስት ሉህ ብትጠቀም ጀልባህ ገና ሙጫ ሳይነካት መቶ ኪሎ ልትደርስ ነው። አይታጠፍልህምም። ስሱን ጥቁር ብታገኝ እንኳ ላዩ ላይ ያለው ፊልም ኤፖክሲ አያስይዝም፤ እንጨቱ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት መላጥ አለብህ። ያ ሥራ ሳይሆን ቅጣት ነው። 6 ሚሊው ግን ቀለል ካለ እንጨት የተሠራ ከሆነ ሉሁ 9 ኪሎ ገደማ ነው፤ ለአንተ ልክ እሱ ነው።

አሁን ቀዩን 6 ሚሊ በምን ትለየዋለህ? በሻጩ መሐላ አይደለም። ጠርዙን እይ። ጥሩው 6 ሚሊ አምስት ንብርብር አለው፣ ንብርብሮቹም ውፍረታቸው ይቀራረባል። መጥፎው ሦስት ነው፤ መሐሉ ወፍራም ተራ እንጨት፣ ግራና ቀኙ እንደ ነገሩ የተለጠፈ ስስ ልባጥ። ጠርዙ ላይ ቀዳዳ ካየህ ውስጡም ቀዳዳ አለ፤ ስታጥፈው የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው። በጣትህ እየመታህ ሂድበት፣ ድምፁ የሚቀየርበት ቦታ ላይ እርሳስ አድርግ። በንብርብሮቹ መሐል ያለው የሙጫ መስመር ጠቆር ያለ ቡናማ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው፤ ነጣ ያለ ከሆነ ተጠራጠር። ምልክት ነው አልኩህ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

ማረጋገጫው ድስት ነው። መዳፍ የምታህል ቁራጭ ስጠኝ በለው፤ ካልሰጠህ ሌላ ሱቅ ሂድ። ቁራጩን ጥቂት ሰዓት ቀቅለው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ እንደገና ቀቅለው። ከዚያ በቢላ ጫፍ ንብርብሩን ለመፈልቀቅ ሞክር። ለቤት ዕቃ የሚሠራው ሙጫ፣ ዩሪያ የሚሉት፣ ፈላ ውሃ ውስጥ ይለቃል። ለውጭ ሥራ የሚሆነው፣ ፌኖሊክ የሚባለው፣ አይለቅም፤ ከሙጫው በፊት እንጨቱ ይሰነጠቃል። የእንግሊዞቹ የማሪን ፕላይውድ ደረጃ ቢ ኤስ 1088 ይባላል። ማኅተሙ ሉሁ ላይ ቢኖርም ቀቅለው፤ ማኅተም ማንም ያትማል።

ሌላ፦ ርዝመቷ 3.30 ከሆነ አንድ ሉህ አይደርስም፣ መቀጠል አለብህ። ቆንጆው አቀጣጠል ሁለቱን ጫፎች በመላጊያ አስልቶ አንዱን በሌላው ላይ ማስተኛት ነው። የስሉ ርዝመት የውፍረቱ 8 እጥፍ ይሁን፤ ለ6 ሚሊ 48 ሚሊ መሆኑ ነው። ስትልግ የንብርብሮቹን መስመር ተመልከት። መስመሮቹ ቀጥ ብለው እኩል ተራርቀው ከታዩህ ስሉ ልክ ነው፤ ከተጣመሙ መላጊያህ አዘንብሏል። ከዚህ የበለጠ ውኃ ልክ የለም።

ለላይኛው ጠርዝ ግራቪሊያ ወይም የፈረንጅ ጥድ ይበቃሃል፤ ጉጥ የሌለው፣ ሐረጉ ቀጥ ያለ። ባሕር ዛፍ ይከብዳል፣ ይጣመማልም። ዋንዛማ ምን ይወጣለታል፤ ግን ከደን መቁረጡ የተከለከለ ነው፤ የምትገዛው ሰው ወረቀት እንዳለው ጠይቅ።

የታቦር_ልጅ

ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። ከሦስት ሱቅ ቁራጭ አምጥቼ እቀቅላለሁ። እናቴ ድስቷን ካየች ጀልባው እዚሁ ያበቃል 😀

ፋይበር_በር

ወንድሜ፣ የመኪና ፓራውልትና የባጃጅ አካል በፋይበር የምንጠግን ሰዎች ነን። ኤፖክሲ ፍለጋ አትንከራተት፤ በፖሊስተር ሬዚን ሥራው። በየጋራዡ አለ፣ ዋጋው ከኤፖክሲ በብዙ ይቀንሳል፣ በአንድ ከሰዓት ደርቆ ያድራል።

ደግሞ ወሬ ብቻ አይደለም። ይህን የመስፋት ዘዴ ያስፋፋው ጀልባ ሚረር የሚባለው ነው፤ ባሪ በክኔልና ጃክ ሆልት የነደፉት፣ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ስፖንሰር ሆኖ በ1963 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው። ርዝመቱ 3.30፣ ልክ አንተ እንደምታስበው። ከ70 ሺህ በላይ ተሠርቷል፣ ብዙዎቹም በየሰዉ ጋራዥ። መጀመሪያ የተጣበቁት በምንድን ነው? በፖሊስተርና በፋይበር ጥብጣብ። ስለዚህ «ያለ ኤፖክሲ አይሆንም» የሚሉህን አትስማ።

ሊያ_ከላብ

ፋይበር በር፣ ስለ ሚረር ያልከው እውነት ነው፤ ጥሩ ማስረጃም ነው። ግን ተከታዩን ጨምርበት፦ እነዚያ ጀልባዎች ሲያረጁ ከሚጠገኑባቸው ቦታዎች አንዱ ጥብጣቡ ከእንጨቱ የሚላቀቅበት ነው። ፖሊስተር በፋይበር ላይ፣ ወይም በራሱ ላይ፣ ጎበዝ ነው፤ መኪና ላይ የምትወደውም ለዚህ ነው። እንጨት ላይ ግን አያያዙ ደካማ ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ፖሊስተር ሲደርቅ ራሱም ይኮማተራል፣ ደረቅና ተሰባሪ ነው፤ መለጠጡን አይችልበትም። ኤፖክሲ ግን እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ይይዛል፤ ውሃ የማሳለፍ ልማዱም ያነሰ ነው። ለሁለት ክረምት የምትሆን ጀልባ ከሆነች ፖሊስተር ይበቃታል። ጠያቂው ያለው «ለዓመታት» ነው።

አሁን ኤፖክሲውን በተመለከተ፣ የታቦር ልጅ፣ እዚህ ላይ ቆም በል፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚደፋው እዚህ ነው።

ፖሊስተር ላይ የሚጨመረው ካታሊስት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ሥራው ማስነሣት ብቻ ነው። ስለዚህ ሙቀቱን አይተህ ጠብታ መጨመርም መቀነስም ትችላለህ፤ ፋይበር ቤት የሠራ ሰው እጁ ይህን ለምዷል። ኤፖክሲ ላይ ግን ሃርድነሩ፣ ማለትም ሁለተኛው ፈሳሽ፣ ማስነሻ አይደለም፣ የሙጫው አካል ነው። ሬዚኑና ሃርድነሩ ተያይዘው ነው አንድ የሚሆኑት። «ቶሎ ይድረቅልኝ» ብለህ ሃርድነር ብታበዛ ትርፉ የሚይዘው አጥቶ ውስጥ ይቀራል፤ ሙጫው ለስልሶ፣ እጅ እየያዘ ይኖራል፣ መቼም አይጠነክርም። ፍጥነቱን መቀየር ከፈለግህ የሚገዛው ሌላ ዓይነት ሃርድነር ነው፤ ፈጣንና ቀርፋፋ አለ። ለሐዋሳ ቀን ቀርፋፋውን ምረጥ።

መጠኑን በዓይን አትገምት። የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ግዛ። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው መጠን በክብደት ይሁን በይዘት አንብብ፤ አንድ አይደሉም፣ ሃርድነሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሬዚኑ ይቀልላልና። ሁለት ለአንድ በይዘት የተባለውን በሚዛን ሁለት ለአንድ ብታደርገው ሃርድነሩ በዛ ማለት ነው። ስታማስል የኩባያውን ጎንና ታች እየፋቅህ ሁለት ደቂቃ ያህል አማስል፤ ሳይደባለቅ ጥግ ላይ የቀረው ነው ኋላ ጀልባው ላይ የማይደርቅ ነጠብጣብ የሚሆነው።

ትንሽ ትንሽ ደባልቅ። ኤፖክሲ ሲያያዝ ሙቀት ያወጣል፤ ጠባብ ኩባያ ውስጥ ተከማችቶ ከቆየ ራሱን በራሱ እያሞቀ ይፋጠናል፣ ይጨሳል፣ የፕላስቲክ ኩባያ ያቀልጣል። እንደ ደባለቅህ ዝርግ ሳህን ላይ ብታፈሰው ሙቀቱ ይበተናል፣ የሥራ ጊዜም ታተርፋለህ። በግምት አየሩ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ያለህ ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል።

ያገኘኸው የወለል ኤፖክሲ፦ አብዛኛው ውስጡ ቀለምና ሙሌት አለው፣ አንዳንዱም በውሃ የሚቀጥን ነው። ፋይበር ጨርቁ አይጠጣውም። የጠረጴዛው፦ በአንድ ጊዜ በወፍራሙ እንዲፈስ የተሠራ ነው፤ በጣም ቀርፋፋ፣ ብዙውም ፀሐይ ሲመታው የሚለሰልስ። ሻጩን «ላሚኔሽን የሚሠራበት ኤፖክሲ» (ፋይበር ጨርቅ የሚለጠፍበት) ብለህ ጠይቀው፤ ዳታ ሺቱን፣ ማለትም የአምራቹን መግለጫ ወረቀት፣ ካላሳየህ አትግዛ። ቀለም የሌለው፣ ማቅጠኛ ያልተጨመረበት፣ ቀጠን ያለ መሆን አለበት። ገንዘቤ የት ላይ ቢበዛ ላልከው መልሴ ይኸው ነው፤ እንጨቱን ቀቅለህ በርካሽ ልታገኝ ትችላለህ፣ ሙጫውን ግን ቀቅለህ አትፈትነውም።

ጋሽ_መላጊያ

ተባረኪ ልጄ። እንዲህ ቀልጠፍ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም።

ፋይበር_በር

እሺ ሊያ፣ የካታሊስቱን ነገር ተቀብያለሁ። ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ለሰውየው ይጠቅማል። ከውስጥ ማዕዘኑን ሳትሞላ ጨርቅ አትለጥፍ። ፋይበር ሹል ማዕዘን አይወድም፤ ከስሩ አየር ይይዛል። ኤፖክሲውን በደቃቅ ሰጋቱራ አወፍረህ፣ ገንፎ ሲሆንልህ ማዕዘኑን በሱ ሙላና ክብ አድርገው። ሰጋቱራው ከመጋዝ የወጣው ሸካራው ሳይሆን ከማሽን ብርጭቆ ወረቀት የሚወጣው ዱቄት ነው፤ በወንፊት ንፋው። ማለስለሻ አትግዛ፤ ጊዜው ያለፈበት ኤቲኤም ካርድ ጫፉን ክብ አድርገህ ቁረጥ፣ ከሱ የተሻለ ስፓቱላ የለም። ሙሌቱ ሳይደርቅ ጥብጣቡን ከላዩ አስተኛው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ይደርቃሉ፣ መሐል ላይ መፈግፈግ የለብህም። ከውጭ በኩል ደግሞ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አድቦልቡለው።

ሽቦዎቹን መጀመሪያ በነጠብጣብ ብቻ አስይዝ፤ በሽቦዎቹ መሐል መሐል ላይ ሙሌት ጣል ጣል አድርገህ ሲደርቅ ሽቦውን መዝዘህ አውጣና ከዚያ ቀሪውን ሙላ።

የቆቃ_ሰው

ከአዳማ ነኝ፤ ቆቃ ላይ እንዲህ ባለች ጀልባ ነው የምዘዋወረው። እምቦጭ ካልያዘኝ በቀር ማለቴ ነው። የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ሰዓቱ ነው፤ ማንም ያላነሳው።

እንጨት ውስጥ አየር አለ። ጠዋት ፀሐይ እየወጣ እንጨቱ ሲሞቅ ያ አየር ይለጠጥና ይወጣል፤ ኤፖክሲ ቀብተህበት ከሆነ በአረፋ ሞልቶ ታገኘዋለህ። ከሰዓት በኋላ እንጨቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር ግን አየሩ ይኮማተራል፣ ኤፖክሲውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ ፕላይውዱ ቀን ጥላ ውስጥ ይሙቅ፤ ቅቡን ከ10 ሰዓት በኋላ ጀምር፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ። ሐዋሳ ላይ ችግሩ ያን ሰዓት ነፋስም አቧራም መኖሩ ነው። በሸራ ከልለው። ለሊት ጤዛ እንዳይወርድበት ደግሞ ከላይ ጣሪያ ይኑረው። በጥብቅ ዝናብ ወራት ባትጀምር ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፣ ሰው «ሐይቃችን ጨው የለውም፣ እንጨት አይጎዳም» ሲል እሰማለሁ። ግማሹ ልክ ነው። ባሕር ውስጥ እንጨት የሚቦረቡር ፍጥረት አለ፤ የኛ ሐይቆች ውስጥ የለም። ነገር ግን ጨው ሻጋታን ያግዳል፣ ጣፋጭ ውሃ ግን አያግድም። ጀልባ የሚበሰብሰው ከታች ከሚነካው ሐይቅ ይልቅ ከላይ ዘንቦ ውስጧ በሚተኛው ውሃ ነው። ሥራ ስትጨርስ ገልብጠህ ከመሬት ከፍ አድርገህ አስቀምጣት። የፕላይውድ ጠርዝ ውሃ የሚጠጣበት አፉ ስለሆነ ሦስቴ ደርበህ ቀባው። ብሎን የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ ሰፋ አድርገህ ሰርስር፣ በወፍራም ኤፖክሲ ሙላው፣ ሲደርቅ መሐሉን በልኩ እንደገና ሰርስር። ብሎኑ እንጨቱን አይነካም፣ ውሃም መግቢያ አያገኝም። ይህን የማያደርግ ሰው ጀልባው ከመቅዘፊያ ማሰሪያው ይጀምርና ይበሰብሳል።

ሦስተኛ፣ ፀሐይ። ሐዋሳም አዳማም ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናቸው፤ ፀሐዩ ቀልድ አይደለም። ኤፖክሲ ውሃ ይችላል፣ ፀሐይ አይችልም፤ ገላጣውን ከተውከው ቢጫ ይሆናል፣ ላዩ እንደ ዱቄት ይረግፋል፣ ጨርቁ ይገለጣል። በቀለም ሸፍነው። ቀለሙም ነጭ ወይም ፈካ ያለ ይሁን፤ ጥቁር ሰማያዊ ቀብተህ ቀትር ላይ እጅህን ብታሳርፍበት ታየዋለህ። ቤት ውስጥ የደረቀ ኤፖክሲ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ መለሳለስ ይጀምራል።

ቆሮሶ_ጥብስ

እኔ ቀልዴን ነበር፤ ሰዎቹ ዩኒቨርሲቲ ከፈቱ።

ቁም ነገር ልጠይቅ፦ 5 ፈረስ ጉልበት ሞተር ቢገጥምባትስ? ቀዝፎ ማን ይደክማል?

ቀዛፊ_ዘፍቅርሐይቅ

ሐይቁ ላይ ጀልባ የምነዳ ሰው ነኝ። ሞተሩን ተዉት፤ 6 ሚሊ ለሆነ የጀርባ ሳንቃ ሌላ ማጠናከሪያ ይፈልጋል። ደግሞ በዚህ ከፍታ ሞተሩ ከተጻፈበት ጉልበት 15 በመቶ ያህሉን አየር ሲያንሰው ያጣል።

እስካሁን ሁላችሁም ስለ መሥራት ነው ያወራችሁት። ስትገለበጥስ? ሐይቁ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቀቱም ከ20 ሜትር የሚያልፍበት አለ። ጠዋት ለጥ ብሎ ታየዋለህ፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሞገዱ አጭርና ተደጋጋሚ ነው፤ ለትንሽ ጠፍጣፋ ጀልባ መጥፎው ሞገድ እሱ ነው። ጠዋት ወጥተህ ከ6 ሰዓት በፊት ግባ። ከዳር ብዙ አትራቅ።

ጀልባዋ ውሃ ሞልቶባት እንኳ ሁለት ሰው ይዛ መንሳፈፍ አለባት። ፊትና ኋላ የታሸገ ክፍል ሥራላት። ገንዘብ ከሌለህ ቢጫዎቹን 20 ሊትር ጀሪካኖች በደንብ ከድነህ ከመቀመጫው ሥር እሰራቸው፤ አንድ ሊትር አየር ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ አንድ ኪሎ ገደማ ያነሣል። ስድስት ጀሪካን 120 ሊትር ነው፤ የራሳቸው ክብደት ቢቀነስም ከመቶ ኪሎ በላይ ይሸከማሉ። ግን አጥብቀህ እሰር፤ ውሃ ውስጥ ጀሪካን ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል ቀጭን ገመድ ይበጥሳል። በግራና በቀኝ እኩል ይሁኑ፤ መሐል ላይ ካደረግኻቸው ብትንሳፈፍም ትገለባበጣለች። ውሃ ላይ በወጣች በመጀመሪያው ቀን ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሆነህ በባልዲ ሙላትና ቁጭ ብለህባት እይ።

የሕይወት አድን ጃኬት ሳይለብሱ አይገባም፤ ዋናተኛ ነኝ ማለት አይሠራም።

ስለ ጉማሬ ያልከው ቀልድ አይደለም ቆሮሶ። ቱሪስት የምንወስደው እኛ እንኳ ርቀን ነው የምናሳየው። ንጋትና ምሽት ላይ በሸንበቆውና በቄጤማው ዳር አትቅዘፍ፤ በተለይ የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል። ጉማሬ ጀልባ ላይ የሚነሣው ወደ ጥልቁ ውሃ የሚወስደውን መንገድ ስትዘጋበት ነው።

ከመውጣትህ በፊት ዳር ላይ ያሉትን የጀልባ ማኅበራት አነጋግር። የት እንደምታወርዳት፣ ፈቃድ ምን እንደሚጠይቅ እነሱ ያውቁታል። መረብ ካለበት በላይ ሄደህ ከአስጋሪዎች እንዳትጣላ ያሳዩሃል።

የታቦር_ልጅ

ቀዛፊ፣ ስለ ጀሪካኑ አመሰግናለሁ፤ ዲዛይኑ ላይ የፊቱ ክፍል ብቻ ነበር የታሸገው፣ የኋላውንም እዘጋዋለሁ። ጀሪካኑን በጎንና በጎን አስገባለሁ።

የቅቅሉ ውጤት ይኸው፦ የመጀመሪያው ሱቅ ቀይ ፕላይውድ ገና በመጀመሪያው ቅቅል ልባጡ እንደ ልብስ ወለቀ። የሁለተኛው የመጀመሪያውን ቻለ፣ ሁለተኛው ላይ አንዱ ጫፍ ተነፋ። ሦስተኛው፣ የሙጫ መስመሩ የጠቆረው፣ ሁለቴ ተቀቅሎም በቢላ ስፈለቅቀው እንጨቱ ነው የተሰነጠቀው። ዋጋው ከመጀመሪያው ብዙም አይበልጥም። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ ነገ ሌላ ነው። ከሱ ሦስት ሉህ እወስዳለሁ።

ክብደቱንም አስልቼ ነበር፤ ካጠፋሁ አርሙኝ። ውሃ ላይ የሚያርፈው ወለል 2.40 በ0.90 ነው ብል፣ 10 ሳንቲ ስትሰጥም 216 ሊትር ውሃ ትገፋለች፤ 216 ኪሎ ትሸከማለች ማለት ነው። ጀልባዋ 45፣ ሁለት ሰው 140፣ ዕቃ 15 ብለን 200 ኪሎ። ጎኗ 40 ሳንቲ ስለሆነ 30 ሳንቲ ከውሃ በላይ ይቀራል።

ቀዛፊ_ዘፍቅርሐይቅ

ስሌቱ ትክክል ነው። ሁለት ሰው በአንድ ጎን ተደግፎ ዓሣ ሲጎትት ግን 30 ሳንቲው 10 ይሆናል። አምባዛ ከያዘልህ አንዱ ይጎትት፣ ሌላው በተቃራኒው ጎን ይቀመጥ።

ሊያ_ከላብ

የጤናውን ሳልነግርህ እንዳላልፍ። ያልደረቀ ኤፖክሲ ቆዳህን ደጋግሞ ከነካው ሰውነትህ ይቆጣል፤ አንዴ ከተቆጣ ደግሞ ዕድሜ ልክህን ነው፣ ጠረኑ እንኳ ያሳክክሃል። ናይትራይል ጓንት አድርግ፣ ሲቆሽሽ ቀይር። እጅህ ከነካ በአኳራጅ ወይም በቲነር አትታጠብ፤ ሙጫውን አቅጥኖ ወደ ቆዳህ ያስገባዋል። ሳሙናና ውሃ። ለመሣሪያው ኮምጣጤ ይበቃል። ስትፈገፍግ የአቧራ ማስክ፣ በተለይ ሙጫው ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር የምትፈገፍግ ከሆነ። ትንንሽ ልጆች ግቢው ውስጥ ካሉ ሥራው ቦታ ይከለል።

ጋሽ_መላጊያ

የታቦር ልጅ፣ ስሉን ለመላግ ሉሆቹን ወደ እኔ ይዘህ ብትመጣ ሞርሳም ረጅም መላጊያም አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በፊት። ቡና የአንተ ነው።

የታቦር_ልጅ

እመጣለሁ ጋሼ። ቡናውም ቂጣውም የኔ።

የመጨረሻ ጥያቄ ለሊያ፦ ሦስቱ ቅብ ሲያልቅ ላዩ ላይ እንደ ቅባት የሚያዳልጥ ነገር ይቀራል ሲሉ ሰምቻለሁ። ቀለም ከመቀባቴ በፊት በአኳራጅ ልጥረገው?

ሊያ_ከላብ

አይ። ያ ነገር ሃርድነሩ ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው፤ በውሃ ይሟሟል፣ በአኳራጅ አይሟሟም። ብርጭቆ ወረቀት አስቀድመህ ብታሳርፍበትም ወደ ውስጥ ትፈገፍገዋለህ፣ ቀለሙም ኋላ ይላጣል። መጀመሪያ በንጹሕ ውሃና በሻካራ ስፖንጅ እጠበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ ከዚያ 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ቀለም። በቅቦቹ መሐል ግን አንዱ ገና ትንሽ እጅ እየያዘ ሌላውን ከደረብክ መታጠብም መፈግፈግም አያስፈልግም፤ ሁለቱ በራሳቸው ይያያዛሉ። አንድ ቀን ካለፈህ ነው ውሃውና ብርጭቆ ወረቀቱ የሚመጣው።